ጃፓናዊው ምጣድና የኛ ልጆች

በሰሜን ካሊፎርኒያ በፕሌዘንተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን በልጆቻቸው ልደት ወደ ጃፓን ቴፓንያኪ ቤት ጎራ ማለት ከጀመሩ ሰንበትበት ብለዋል። እኛም ሕፃናት ይዘን ገብተን አይተናል። ጉዳዩ ከሆድ ያለፈ ሆኖ ስላገኘነው ለአንባቢያን ልናካፍል ወደድን።

«ቴፓን» የብረት ምጣድ፣ «ያኪ» ደግሞ ጥብስ ማለት ነው። ተመጋቢው ምጣዱን ከብቦ ይቀመጣል፤ ቤተሰቡ ትንሽ ከሆነም ከማያውቀው ሰው ጋር ገበታ ይጋራል። ሼፉ ቢላዋና ማገላበጫውን እያጋጨ ሩዙን ይጠብሳል፣ ቀይ ሽንኩርት ደራርቦ እንደ እሳተ ገሞራ ያነደዋል፣ ቁራሽ ምግብም ወደ ተመጋቢው አፍ ይወረውራል። ጉርሻ በአየር ላይ መሆኑ ነው።

ትርኢቱ ጥንታዊ ቢመስልም አይደለም። በኮቤ ከተማ «ሚሶኖ» የተባለው ምግብ ቤት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። በአሜሪካ ያስፋፋው ሮኪ አኦኪ የተባለ ከጃፓን የመጣ ወጣት ሲሆን፣ በሐርለም አይስክሬም እየሸጠ ባጠራቀመው ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1964 ኒውዮርክ ውስጥ አራት ገበታ ብቻ የነበራትን «ቤኒሃና»ን ከፈተ።

ሕፃናት ይዞ ለሚሄድ ወላጅ ጥቂት ማሳሰቢያ አለን። ምጣዱ እጅግ የጋለ ነውና የትንሹ ልጅ ወንበር እጁ ከማይደርስበት ራቅ ይበል። እሳቱ ድንገት ሲነሳ የሚደነግጥ ልጅ ካለ ሼፉን «ቀነስ አድርግልን» ማለት ነውር አይደለም። የሚወረወር ምግብ ሕፃን ሊያንቅ ስለሚችል በሳህን ይቅረብለት። ሁሉም በአንድ ምጣድ ስለሚጠበስ ሽሪምፕ ወይም እንቁላል የማይስማማው ልጅ ካለ አስቀድሞ መናገር ግድ ነው። ጾመኛም ይህንኑ ልብ ይበል።

ከሁሉም የገረመን ግን ሌላ ነው። እቤት ስልክ ካልተሰጠው የማይጎርስ ልጅ እዚህ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል፤ አትክልቱንም ሳይለመን ይበላል። ምስጢሩ ከጃፓን የመጣ አይደለም። እኛም ልጆች ሳለን እናቶቻችን ምጣዱን በጎመን ዘር አስሰው ሊጡን ሲያዞሩ፣ አክንባሎው ሲከደንና ሲነሳ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን እንጎቻችንን እንጠብቅ ነበር። የዛሬ ልጆቻችን እንጀራን የሚያውቁት ከኦክላንድ ወይም ከሳን ሆዜ ሱቅ በላስቲክ ታሽጎ ሲመጣ ነው። ወጡም ከፍሪጅ ወጥቶ ማይክሮዌቭ ይገባል። ሁለት ሥራ የሚሠራ ወላጅ በዚህ አይወቀስም።

ሆኖም ብዙዎቻችን ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለን። በወር አንድ ቅዳሜ ይውጣ። ልጆቹ ራቅ ብለው ይክበቡት፤ ማሰሻ፣ አክንባሎ፣ እንጎቻ የሚሉትን ቃላት እዚያው እያዩ ይልመዱ። እንጎቻ ምን እንደሆነ ለልጅ በመጽሐፍ ከማስረዳት አንዱን ትኩስ አውጥቶ መስጠት ይቀላል።

ቴፓንያኪ ቤት መሄዱም አይቅር። አኦኪ ያገሩን ምጣድ ይዞ የሌላ አገር ሕዝብ ከሰበሰበ፣ እኛ በኛው ምጣድ የገዛ ልጆቻችንን መሰብሰብ አያቅተንም እንላለን።