ዱካክ ምንድን ነው? ከእርሱስ ጋራ እንዴት ይኖራል?

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በመሥሪያ ቤት ስብሰባ የማይነሣ፣ በሻይ ሰዓትም እምብዛም የማይወራ፣ ነገር ግን ብዙ ሰው በየቤቱ የሚያውቀው ነገር ነው። ይኸውም ዱካክ ነው። ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ ዐይኑን ገልጦ፣ የተኛበትን ክፍል ግድግዳና በር እያየ፣ እጁን ለማንሣት ሲሞክር እጁ እንቢ የሚለው፣ ለመጮህ ሲሻ ድምፁ ከጉሮሮው የማይወጣለት ጊዜ አለ። ከዚያም ጋራ በክፍሉ ውስጥ ሌላ ፍጡር የቆመ፣ ወይም አንድ ከባድ ነገር ደረቱ ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። በዚህን ጊዜ የአገራችን ሰው «ዱካክ ተጫነኝ» ይላል።

ሁኔታው የሚቆየው ከጥቂት ሰኮንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ አካሉንም ሳይጎዳ ይለቀዋል። ሆኖም ትቶት የሚሄደው ፍርሃት ቀላል አይደለም። አንዳንዱ መኝታውን ይፈራል። አንዳንዱ የተከራየው ቤት ክፉ መንፈስ ያለበት መስሎት ቤት ይለውጣል። አንዳንዱም «አእምሮዬ ተነካ» ብሎ እየተጨነቀ ለሚስቱም ለሐኪምም ሳይናገር ዓመታት ያሳልፋል። ስለዚህ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ማወቅ የመድኃኒቱ እኩሌታ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በመጀመሪያ ዱካክ የእኛ አገር ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር አለመሆኑን እናስተውል። ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል፤ ይህም በብረት እንደ መታሰር ማለት ነው። ቱርኮች ካራባሳን ይሉታል። በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ ያለችው የኒውፋውንድላንድ ደሴት ሕዝብም አንዲት አሮጊት ሌሊት መጥታ በተኛ ሰው ደረት ላይ እንደምትቀመጥ ሲያወራ ኖሯል። የሆላንድ ሐኪም የነበረው ኢስብራንት ቫን ዲመርብሩክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1664 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ሌሊት ሌሊት ስለሚጫናት አንዲት ሴት ጽፏል። ሄንሪ ፉዝሊ የተባለው ሠዓሊም በ1781 ዓ.ም. በተኛች ሴት ደረት ላይ ጉብ ያለ አስቀያሚ ፍጡር የሚታይበትን ሥዕል ሠርቷል። በባሕርና በቋንቋ የተራራቁ፣ በሃይማኖትም የማይገናኙ ሕዝቦች ይህን ያህል የሚመሳሰል ነገር ከተናገሩ፣ ምክንያቱ መፈለግ ያለበት ሁሉም በሚጋሩት ነገር ማለትም በሰው አካል ውስጥ ነው።

ብዛቱንም ብንመለከት፣ በ2011 ዓ.ም. ሁለት ተመራማሪዎች በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ 35 ጥናቶችን ሰብስበው፣ ከ36,000 በላይ ሰዎች የሰጡትን ቃል አመዛዝነው ነበር። ከጠቅላላው ሕዝብ ከ100 ሰዎች 8 ያህሉ፣ ከተማሪዎች መካከል ግን ከ100ው 28 ያህሉ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይህን ነገር ማየታቸው ታውቋል። እንግዲህ ሃያ ሠራተኞች ባሉበት ክፍል አንድ ወይም ሁለት ሰው ዱካክን ሳያውቀው አይቀርም ማለት ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንምጣ። የሰው እንቅልፍ ከምሽት እስከ ንጋት አንድ ዓይነት አይደለም። በየ90 ደቂቃው ገደማ እየተመላለሰ ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከከባድም ወደ ሌላ ልዩ እንቅልፍ ይዘዋወራል። ይህን ልዩ እንቅልፍ በ1953 ዓ.ም. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሴሪንስኪና ናታንኤል ክላይትማን ለዓለም አስታወቁ። በዚህ ጊዜ የተኛው ሰው ዐይኖች ከቆባቸው ሥር ወዲያና ወዲህ በፍጥነት ይንቀሳቀሳሉ፤ ጉልህ የሆነውም ሕልም በአብዛኛው የሚታየው በዚሁ ሰዓት ነው። ስለዚህ ለአነጋገር እንዲያመቸን የሕልም እንቅልፍ እንበለው።

በሕልም እንቅልፍ ጊዜ አእምሮ ይሠራል፤ ሰውነት ግን ይታሰራል። ከአንጎል ግንድ የሚነሣ ትእዛዝ ወደ ኅብለ ሰረሰር ይወርድና ጡንቻን የሚያዝዙትን ነርቮች ዝም ያሰኛቸዋል። ግላይሲንና ጋባ የሚባሉት የሰውነት ቅመሞች በዚህ ሥራ ላይ ተካፋዮች ናቸው። ይህ እስራት ጠላት ሳይሆን ጠባቂ ነው። ሰው በሕልሙ ሲሮጥ ከአልጋው ተነሥቶ እንዳይሮጥ፣ በሕልሙም ሲማታ አጠገቡ የተኛውን እንዳይመታ ይከለክለዋል። ፈረንሳዊው ሚሼል ዡቬ በድመቶች ላይ ባደረገው ምርመራ፣ ይህን እስራት የሚያዘው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ድመቶቹ በእንቅልፍ እንዳሉ ተነሥተው እንደሚያድኑና እንደሚጣሉ አሳይቷል።

ዱካክ ማለት እንግዲህ የሁለት ነገሮች መሳሳት ነው። አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ፣ የጡንቻው እስራት ገና ሳይፈታ ይቀራል። ብሪታንያዊው ሐኪም ኪኒየር ዊልሰን በ1928 ዓ.ም. ለሁኔታው የእንቅልፍ ሽባነት የሚለውን ስም ሰጥቶታል። የደረት መጨነቁም ከዚህ ይመጣል። ድያፍራም የሚባለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ አይታሰርም፤ ስለዚህ ትንፋሽ አይቋረጥም። የጎድን አጥንት ጡንቻዎች ግን ስለ ላሉ፣ የፈራው ሰው በኃይል አየር ልሳብ ሲል አልሳብ ይለዋል፤ ይህንንም ከላይ የሚጫነው ነገር ያለ አድርጎ ይረዳዋል። በሩ አጠገብ የሚቆመው ጥላ ደግሞ ሳያልቅ የቀረ ሕልም ነው። ግማሹ አእምሮ ክፍሉን እያየ፣ ሌላው ግማሽ ሕልሙን ስለሚቀጥል፣ ሁለቱ ተደራርበው በአንድ ላይ ይታያሉ። መንቀሳቀስ አለመቻል በራሱ ፍርሃትን ስለሚቀሰቅስም የሚታየው ነገር ብዙ ጊዜ አስፈሪ ይሆናል።

ማንን ይበልጥ ያጠቃል ቢባል፣ እንቅልፉ የተጓደለውንና ሰዓቱ የተዘበራረቀውን ሰው ነው። ይህን ከአገራችን ኑሮ ጋራ ለማገናዘብ ወደ ምሥራቅ ጎጃም እንሂድ። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጮቄ ተራራ ወዲያ የምትገኘው ጉንደ ወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። በዚያ አገር ሌሊት መንቃት አዲስ ነገር አይደለም። ካህናትና ደባትር ለማሕሌትና ለሰዓታት በሌሊት ይነሣሉ። ዲማ ጊዮርጊስን የመሰሉ የትምህርት ቦታዎች ባሉበት በዚህ አውራጃ፣ የቆሎ ተማሪ ቀን ቁራሹን ለምኖ ሌሊት ትምህርቱን ሲያስብ ያመሻል። ገበሬው አዝመራውን ከአውሬ ለመጠበቅ ማማ ላይ ያድራል። ዛሬም የሌሊት ተረኛዋ ነርስና የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ከዚሁ ኑሮ ይካፈላሉ።

ለምሳሌ ያህል አንድ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ከከተማ ወደ ጉንደ ወይን ተዛወረ እንበል። በተከራየው አንድ ክፍል ብቻውን ያድራል። በሰኔ ወር የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ እስከ እኩለ ሌሊት በቡና ኃይል ይሠራል፤ ማለዳም ይነሣል። እሑድ ከቀትር በኋላ በጀርባው ተንጋሎ ሲተኛ ዱካክ ይጫነዋል። በሚቀጥለው ሌሊት ያ ነገር እንዳይመለስ ፈርቶ መብራት አብርቶ ቁጭ ብሎ ያነጋል፤ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ሌሊት እንዲሁ ያደርጋል። በአራተኛው ሌሊት ድካም አሸንፎት ሲወድቅ፣ የተነፈገው አእምሮ ወደ ሕልም እንቅልፍ በጥድፊያ ይገባና ዱካኩ ከፊተኛው ብሶ ይመጣል። አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ዱካክን ለመሸሽ ሲሉ እንቅልፍን መሸሽ ዱካክን መጥራት ነው። ይህ ወጣት ቤቱን ቢለውጥም ልማዱን ካልለወጠ ነገሩ አብሮት ይዛወራል።

ስለ ጫትም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ጫት ያዘወተሩ ሰዎች ማቆም ሲጀምሩ ሌሊት የሚያስጨንቃቸውን ነገር ዱካክ ብለው እንደሚጠሩት የታወቀ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ አነቃቂ ነገር ደግሞ የሕልም እንቅልፍን ያሳጥራል። አነቃቂው ሲቋረጥ አእምሮ የጎደለበትን ለመካስ የሕልም እንቅልፍን ያበዛል፤ ቅዠቱም አብሮ ይበዛል። ብዙ ሰው ይህን ፈርቶ ወደ ጫቱ ይመለሳል። ነገር ግን ይህ የመላቀቅ ምልክት ነው፤ እየቀነሰ ሄዶም ያልፋል። አረቄም ቢሆን በመጀመሪያው የሌሊት ክፍል ሕልሙን አፍኖ፣ ወደ ንጋት ሲሆን አብዝቶ ይመልሰዋል።

እንግዲህ ዱካክ በተጫነዎ ጊዜ ምን ያድርጉ? አንደኛ፤ «ይህ ዱካክ ነው፤ አካሌ ገና ተኝቷል፤ ጥቂት ቆይቶ ይለቀኛል» ብለው ለራስዎ ይንገሩ። ሁለተኛ፤ አይታገሉ። እጅና እግርን በሙሉ ኃይል ለማንቀሳቀስ መጣጣር ጭንቀቱን ይጨምራል እንጂ ብዙም አይረዳም። ትንፋሽዎን በዝግታ ይተዉት፤ ድያፍራም ሥራውን ይሠራል። ሦስተኛ፤ ጥላውን ለመመርመር ዐይንዎን አያፍጥጡ፤ ከቻሉ ይጨፍኑት፤ ሐሳብዎንም ልብዎን በሚያሳርፍ አንድ ነገር ላይ ያኑሩት። ባላንድ ጃላል የተባለ ተመራማሪ በ2016 ዓ.ም. ያቀረበው ዘዴም በእነዚሁ ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነው። ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ፣ ሙስሊሙም ቢስሚላህ ብሎ በልቡ ቢጸልይ፣ ዳዊቱንም ከራስጌው ቢያኖር፣ ከዚህ ከተናገርነው ጋራ የሚጋጭ ነገር የለውም፤ የሚያምነውን ሰው ጸሎት ያረጋጋዋልና። አራተኛ፤ ጥቂት ከተረጋጉ በኋላ የጣትዎን ጫፍ ወይም ምላስዎን ብቻ ለማንቀሳቀስ ይሞክሩ። ከተለቀቁም በኋላ ወዲያው አይተኙ። ተነሥተው ይቀመጡ፤ ፊትዎን በውሃ ያብሱ፤ ጥቂት ቆይተው ይተኙ። ወዲያው የተኛ ሰው ዱካኩ ሊመለስበት ይችላል።

አብሮዎ የሚያድር ሰው ካለ አስቀድመው ይንገሩት። በእንቅልፍዎ ሲያቃስቱ ወይም ትንፋሽዎ ሲለወጥ ቢሰማ፣ በስምዎ ጠርቶ ትከሻዎን ቢነካ ብዙ ጊዜ ዱካኩ ወዲያው ይለቃል።

አስቀድሞ ለመከላከል ደግሞ የሚበጀው ከሁሉ በፊት ሰዓት ነው። የሥራም የበዓልም ቀን ሳይለዩ በአንድ ሰዓት ይተኙ፤ በአንድ ሰዓት ይነሡ። ለአዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ መጠጣት ከፈለጉ ከቀትር በፊት ይሁን። በጀርባ መተኛት ዱካክን እንደሚያበዛ ስለ ተረጋገጠ በጎንዎ ይተኙ። በእንቅልፍ ልብ የሚንጋለል ሰው፣ ልጆች ከአሮጌ ካልሲ የሚሠሩትን ዓይነት ትንሽ ኳስ በሌሊት ልብሱ ጀርባ ላይ ቢሰፋው፣ ሲንጋለል እየቆረቆረው ወደ ጎኑ ይመልሰዋል።

ዱካክ አልፎ አልፎ ከመጣ ሐኪም አያስፈልገውም። ነገር ግን በየሳምንቱ የሚመላለስ ከሆነ፣ ወይም ቀን በሥራ ላይ ሳሉ መቋቋም የማይቻል እንቅልፍ የሚጥልዎ ከሆነ፣ በሳቅ ወይም በንዴት ጊዜም ጉልበትዎ የሚከዳዎ ከሆነ፣ ናርኮሌፕሲ የሚባል የእንቅልፍ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ይመርመሩ። በኃይል ማንኮራፋትና በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥም እንዲሁ ምርመራ ይሻል። ምላሱን የነከሰ፣ ሽንት ያመለጠው ወይም የተንቀጠቀጠ ሰው ሕመሙ ዱካክ ላይሆን ይችላል፤ የሚጥል በሽታ መሆን አለመሆኑ መታየት አለበት። ከነቃ በኋላ አንድ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት የቆየ ሰው ግን ሰዓት ሳያሳልፍ ሐኪም ቤት ይሂድ። ጦርነትንና ከባድ ሐዘንን ያዩ ሰዎች ዱካክ ይበዛባቸዋል፤ እነዚህ ከዱካኩ በፊት ለሐዘናቸው እርዳታ ያሻቸዋል። በምሥራቅ ጎጃም ላለ ሰው የሞጣ፣ የቢቸናና የደብረ ማርቆስ ሆስፒታሎች፣ በአዲስ አበባ ላለ ደግሞ የአማኑኤል ሆስፒታል አሉለት። ለአእምሮ ሐኪም እንቅልፍን መንገር እብደትን ማመን አይደለም።

በመጨረሻም ለመሥሪያ ቤት አለቆች አንድ ነገር እናሳስባለን። የሌሊት ተረኛ ፈረቃ በየሁለት ቀኑ ከቀን ወደ ሌሊት ሲገለበጥ የሰው እንቅልፍ መርጊያ ያጣል። ተራው ቢቻል ለሳምንታት አንድ ሆኖ ቢቆይ ለሠራተኛውም ለሥራውም ይጠቅማል። ባልደረባዎ ፊቱ ገርጥቶ ወደ ቢሮ በመጣ ጊዜም «ትናንት ሌሊት ዱካክ ተጫነኝ» ብሎ ቢነግርዎ አይሳቁበት፤ «ጋኔን ይዞህ ነው» ብለውም አያስፈራሩት። ምን ሰዓት እንደ ተኛ፣ በምን ጎኑ እንደ ተኛ ይጠይቁት፤ ይህንንም ያነበቡትን ይንገሩት።