የጥልቅ ጉድጓድ ዋጋ ከምን ይመጣል?

ለተወለዳችሁበት ቀበሌ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ለማስቆፈር ገንዘብ እያዋጣችሁ ከሆነ፣ ቆፋሪውን መጀመሪያ የምትጠይቁት «ሜትሩ በስንት ነው?» ብላችሁ መሆኑ አይቀርም። መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ሁለት ቆፋሪዎች ለሜትር እኩል ዋጋ ሊጠሩ ይችላሉ፤ የአንዱ ጉድጓድ ለዓመታት ንጹሕ ውኃ ሲሰጥ፣ የሌላው ብዙም ሳይቆይ አሸዋ ይተፋል። ልዩነቱ የሚገባችሁ ማሽኑ ከመሬት በታች ምን እንደሚሠራ ስታውቁ ነው።

ከባዱ ሥራ መቦርቦሩ ነው?

መቦርቦሩ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የተፈጨውን ድንጋይ ማውጣት ነው። ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 100 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ከ3 ሜትር ኩብ በላይ ድንጋይ ይወጣዋል። ጥቁር ድንጋይ (ባዛልት) ከሆነ ክብደቱ ወደ 9 ቶን ይጠጋል። ይህ ሁሉ የሚወጣው በዚያችው ጠባብ ቀዳዳ ነው። የጉድጓዱ ወርድ እጥፍ ቢሆን ደግሞ የሚወጣው ድንጋይ አራት እጥፍ ይሆናል።

በጥንቱ ዘዴ ከባድ ብረት በገመድ እየተነሣ ይለቀቃል፤ ድንጋዩን ይሰብራል። ከዚያ ሥራው ቆሞ ስብርባሪው በባልዲ መሰል ዕቃ ይቀዳል። ቻይናውያን ጨው አውጪዎች በዚህ መንገድ ዚጎንግ በተባለው ቦታ እ.ኤ.አ. በ1835 ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደዋል። ዘዴው ይሠራል፤ ግን ጊዜ ይፈጃል።

መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ቢርትና ፈረንሳዊው ፎቬል ውስጡ ክፍት በሆነ ዘንግ ውኃ ወደ ታች የመላክን ሐሳብ አመጡ። ውኃው እስከ ታች ይወርዳል፤ ሲመለስ ስብርባሪውን ይዞ ይወጣል። መቆፈርና ማውጣት በአንድ ጊዜ ሆነ ማለት ነው። የዛሬው የመቆፈሪያ ማሽን፣ ቆፋሪዎች «ሪግ» የሚሉት፣ አሁንም በዚሁ መርሕ ይሠራል።

ታዲያ ጭቃው ለምንድን ነው?

ቆፋሪዎቹ ከሪጉ አጠገብ የጭቃ ገንዳ ሲያዘጋጁ ብታዩ አይግረማችሁ። ልል አሸዋ ሲያጋጥም ውኃ ብቻውን ግድግዳውን አይደግፍም፤ ጉድጓዱ ይናዳል። በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ስፒንድልቶፕ በተባለው የነዳጅ ቦታ የሚቆፍሩት የሃሚል ወንድማማቾች ይህ ችግር ገጥሟቸው ነበር። ኩሬ ውስጥ ከብት አስገብተው በማስረገጥ ውኃውን እንዳደፈረሱት ይተረካል። ወፍራሙ ውኃ ግድግዳውን ያዘላቸው፤ ጥር 10 ቀን 1901 እ.ኤ.አ. ነዳጁ ፈነዳ።

ዛሬ ለዚህ የሚውለው ቤንቶናይት ነው፤ ውኃ ሲነካው የሚያብጥ የሸክላ ዱቄት ነው። ጭቃው ሦስት ሥራ ይሠራል፦ ስብርባሪ ያወጣል፣ መሰርሰሪያውን ያቀዘቅዛል፣ ግድግዳውን በክብደቱ ይደግፋል። ሆኖም በደንብ ካልታጠበ ውኃ የሚመጣበትን ስንጥቅ ይደፍናል። ስለዚህ የእጥበት ሥራ በውሉ ውስጥ መጻፍ አለበት።

ጠንካራ ድንጋይ ሲያጋጥምስ?

የዘንጉ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ጥርስ «ቢት» ይባላል። የቀድሞው ቢት እንደ ዓሣ ጅራት ጠፍጣፋ ነበር። አፈር ይፍቃል እንጂ ጠንካራ ድንጋይ ላይ ቶሎ ይደንዛል። ሃዋርድ ሂዩዝ (የፊልም ሠሪውና የአውሮፕላን ባለሀብቱ አባት) ባለጥርስ ሁለት ኮኖች የሚሽከረከሩበት ቢት ሠርቶ ነሐሴ 10 ቀን 1909 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት (ፓተንት) አገኘ። ኮኖቹ ድንጋዩን አይፍቁትም፤ እየተንከባለሉ ይፈጩታል። ሂዩዝ ቢቱን ከመሸጥ ይልቅ ማከራየትን መረጠ፤ ሀብት ያካበተውም በዚህ ነው። ዛሬ «ትራይኮን» የሚባለው ባለሦስት ኮን ቢት እ.ኤ.አ. በ1933 የዚያው ኩባንያ መሐንዲሶች ያወጡት ነው።

ትራይኮን ግን እንዲፈጭ በላዩ ላይ ብዙ ክብደት ይፈልጋል። ጉድጓዱ ገና ጥልቅ ሳይሆን የዘንጎቹ ክብደት አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተስፋፋው የአየር መዶሻ ይህን ችግር አቃለለ። ድንጋይ ጠራቢ መሮውን እየመታ ትንሽ ትንሽ እንደሚያዞረው ሁሉ፣ መሣሪያው ቢቱን በፍጥነት እየደጋገመ ይመታል፤ ዘንጉ ደግሞ ያዞረዋል። መዶሻው የሚቀመጠው ላይ ሳይሆን ታች፣ ከቢቱ ጀርባ ነው። ላይ ቢሆን ኖሮ የምቱ ኃይል በየመጋጠሚያው እየባከነ ይሄድ ነበር።

መዶሻውን የሚያንቀሳቅሰው ኮምፕሬሰር የሚልከው የታመቀ አየር ነው። ያው አየር ሲወጣ ስብርባሪውን ጠርጎ ያወጣል።

ነዳጁ የሚያልቀው የት ነው?

አብዛኛው ኮምፕሬሰሩ ላይ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ውኃ ከተገኘ አየሩ ያንን ውኃ መግፋት አለበት። እያንዳንዱ 10 ሜትር ውኃ 1 ባር ያህል ግፊት ይጨምራል። ከመዶሻው በላይ 100 ሜትር ውኃ ካለ 10 ባር የሚያልቀው ውኃውን ለመግፋት ብቻ ነው። ደካማ ኮምፕሬሰር እዚያ ላይ ይቆማል። ቆፋሪውን «የኮምፕሬሰርህ አቅም ስንት ባር ነው?» ማለት አያሳፍርም።

ለእኛ መሬት የትኛው ይሻላል?

ለልል መሬት ጭቃ፣ ለጠንካራ ድንጋይ የአየር መዶሻ ይመረጣል። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ግን ባዛልቱ ተደራራቢ ነው፤ በመካከሉ ሸክላና ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ይገኛል። ውኃው ብዙ ጊዜ የሚኖረው በተሰነጠቀው ድንጋይና በሬድ አሹ ውስጥ ነው። አዲስ አበባን የሚያጠጡት የአቃቂ ጉድጓዶችም እንዲህ ባለ መሬት ላይ የተቆፈሩ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱንም ዘዴ የሚችል ሪግ ያስፈልግ ይሆናል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ውኃ ከተገኘ በኋላስ ምን ይቀራል?

ብዙ ይቀራል። መጀመሪያ ኬሲንግ፣ ማለትም ግድግዳውን የሚይዝ ቧንቧ ይገባል። ውኃ በሚመጣበት ጥልቀት ላይ ቧንቧው እንደ ወንፊት የተሰነጣጠቀ ነው። በዙሪያው የተመጠነ ጠጠር ይሞላል፤ አሸዋውን ያስቀራል። ከላይ ያለው ክፍል ጎርፍና ፍሳሽ እንዳይገባ በሲሚንቶ ይታሸጋል። ርካሽ ዋጋ የሚጠሩ ሰዎች ሊቆጥቡ የሚችሉት እዚህ ላይ ነው፤ ጉድለቱም ሥራው ካለቀ በኋላ ከላይ ሆኖ አይታይም።

ቀጥሎ የፓምፕ ፍተሻ ይደረጋል። ውኃው ለብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ለቀናት ያለማቋረጥ እየተሳበ የውኃው ወለል ምን ያህል እንደሚወርድ ይለካል። ፓምፕ የሚመረጠው ከዚህ ውጤት በኋላ ነው፤ አስቀድሞ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

የላቦራቶሪ ምርመራም አይዘለልም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል፤ ይህ ማዕድን ሲበዛ ጥርስን ያበልዛል፣ አጥንትንም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ነው።

በየቀኑ ስንት ያስወጣል?

500 ሰዎች በቀን 20፣ 20 ሊትር ቢጠቀሙ 10 ሜትር ኩብ ውኃ ያስፈልጋል። ይህን ከ100 ሜትር ለማንሣት፣ የፓምፑና የሞተሩ ብክነት ግማሽ ያህል ነው ብንል፣ በቀን 5.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። በአካባቢያችሁ ታሪፍ ወይም በጄኔሬተር ነዳጅ አባዙት። ልብ በሉ፦ የሚታሰበው የጉድጓዱ ጥልቀት ሳይሆን ፓምፑ ሲሠራ ውኃው የሚቆምበት ወለል ነው። 200 ሜትር የተቆፈረ ጉድጓድ ውኃው 60 ሜትር ላይ የሚቆም ከሆነ ወጪው ከ100 ሜትሩ ያነሰ ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት

ዋጋው በአንድ ድምር ሳይሆን ተዘርዝሮ ይቅረብላችሁ፦ ማሽኑን ማጓጓዝ፣ ቁፋሮ በልል መሬትና በድንጋይ፣ ኬሲንግ፣ ጠጠርና ማሸግ፣ እጥበት፣ የፓምፕ ፍተሻ፣ የውኃ ምርመራ። ጉድጓዱ ደረቅ ቢሆን ማን ምን እንደሚከፍል ይጻፍ። የከርሰ ምድር ውኃ ባለሙያ ቦታውን አስቀድሞ ቢያጠናው ይህ አደጋ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም።

በመጨረሻም፣ በየሜትሩ የተገኘውን የድንጋይ ዓይነት፣ ወንፊቱ ያለበትን ጥልቀትና የፍተሻውን ውጤት የያዘውን መዝገብ ሳትረከቡ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ። አንዱን ቅጂ ለውኃ ኮሚቴው፣ ሌላውን ለወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ስጡ። ፓምፑ የተበላሸ ዕለት ጠጋኙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።