ተጨማሪ መረጃ፦ የ«ነፃ» አዳር ሂሳብ በማን ይከፈላል?

በአሜሪካ ባንኮች ከሆቴል ኩባንያዎች ጋር በጥምረት የሚያወጧቸው አንዳንድ ክሬዲት ካርዶች ለደንበኛው በየዓመቱ አንድ ነፃ አዳር ይሰጣሉ። ለምሳሌ በሃያት ካርድ በአንድ ዓመት ውስጥ 15,000 ዶላር የገዛበት ደንበኛ ሁለተኛ አዳር ይጨመርለት ነበር።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ባንኩ ከዓመታዊ የካርድ ክፍያ፣ ከወለድና ነጋዴው በየግብይቱ ከሚከፍለው ኮሚሽን ያገኛል። ከዚህ ላይ ለሆቴል ኩባንያው የአባላት ፕሮግራም ይከፍላል፤ ፕሮግራሙም እንግዳው ላደረበት ሆቴል ባለቤት ወጪውን ይተካል። ሆቴሉ ሊሞላ ከተቃረበ ተመላሹ ወደ መደበኛው የክፍል ዋጋ ይጠጋል፤ ብዙ ክፍል ባዶ ከሆነ ግን አነስተኛ ነው። የዚህ ገበያ ስፋት በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ጊዜ ታይቷል፦ በ2020 እ.ኤ.አ. የሆቴል ኩባንያው ሂልተን ለካርድ አውጪው አሜሪካን ኤክስፕረስ ለነፃ አዳር የሚመነዘር የ1 ቢሊዮን ዶላር ነጥብ በቅድሚያ ሸጧል።

እንዴት ይጣራል? ባንኩ የግዢውን ድምር ሲያሰላ የተመለሱ ዕቃዎችን ዋጋ ይቀንሳል፤ በካርዱ የወጣ ጥሬ ገንዘብና ዓመታዊ ክፍያው አይቆጠሩም። አዳሩ ከማብቂያ ቀኑ ጋር በአባሉ ሂሳብ ላይ ይመዘገባል፤ ክፍል ሲያዝበት ይቀነሳል። እንግዳ ተቀባዩ መታወቂያውን ከማስያዣው ስም ጋር ያመሳክራል።

ልብ ይበሉ፦ ባንኩ የከፈለበት ነገር ግን ገና ያልታደረበት ሌሊት በሆቴል ኩባንያው መዝገብ ላይ ገቢ ሳይሆን ዕዳ ነው። ወደ ገቢ የሚዛወረው በአብዛኛው እንግዳው ሲያድርበት ነው።

መወያያ፦ የአውሮፓ ኅብረት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግለሰብ ክሬዲት ካርድ ግብይት ላይ ባንኮች ከነጋዴው ኮሚሽን የሚቀበሉትን የልውውጥ ክፍያ በ0.3 በመቶ ገድቧል። ይህ በካርድ ስጦታዎች ላይ ምን ውጤት ይኖረዋል?