ስለ ፎቶግራፍ ማሳያና ስለ ሥራ ሰጪው ዐይን

አንድ የልማት ድርጅት በላይ ጋይንት ገበሬዎች ስለሚያባዙት የዘር ድንች መጽሔት ለማሳተም አስቦ ፎቶግራፍ አንሺ በሚመርጥበት ጊዜ፣ የቀረቡትን ማሳያዎች መርምሬ አስተያየት እንድሰጥ ተጠርቼ ነበር፤ በዚያ ቀን ሳይመረጥ የቀረው የነፋስ መውጫ ልጅ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ከቀረቡት ሁሉ ብርሃንን በማወቅ የሚተካከለው አልነበረም፤ የጉና ንጋት፣ በጋይንቷ ቤተ ልሔም መቋሚያ ይዘው ለማኅሌት የቆሙ ሊቃውንት፣ ጥምቀት፣ ሠርግ፣ ክርስትና፣ የጨጨሆ ገደል፣ ሁሉም በአንድ አልበም ተከማችተው ሳለ፣ ድንች የሚባል ነገር ግን በውስጡ አልተገኘም። ሥራውም በጥበብ ከእርሱ ለሚያንስ፣ ዳሩ ግን የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ ደኅና አድርጎ ላሳየ ለአዲስ አበባ ሰው ተሰጠ። ልጁን ደጅ አግኝቼ ስጠይቀው የአባቱን የድንች ማከማቻ አንሥቶ እንደነበረ ነገረኝ፤ ታዲያ ለምን አላመጣኸውም ብለው፣ «እሱማ ምን ፎቶ ነው ጋሼ፣ ድንች እኮ ነው» አለኝ።

ይህ አሳብ የእርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ ነበር። ነገር ግን ከመካነ ኢየሱስ እስከ ወገዳ፣ ከአርብ ገበያ እስከ ደብረ ታቦር ስቱዲዮ የከፈቱ ወጣቶች ምክር ሲጠይቁኝ፣ የሚያሳዩኝ አልበም ሁሉ «ይኸውና ሁሉን እችላለሁ» የሚል ነው። ማሳያ የችሎታ ሁሉ ጎተራ ይመስላቸዋል፤ ውበትም ብቻውን ገበያ የሚጠራ ይመስላቸዋል። ይህን ስሕተት ማረም ከሰለቸኝ ቆይቷል፤ ሆኖም ደግሜ እናገራለሁ።

ሥራ ሰጪው አልበም የሚገልጠው ለመደነቅ አይደለም። የድርጅት ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ነውና፣ ፕሮፎርማ ሰብስቦ ከመረጠ በኋላ ሥራው ቢበላሽ ለአለቃው መልስ የሚሰጠው እርሱ ስለሆነ፣ የሚፈልገው አንድ ማረጋገጫ ብቻ ነው፤ ይኸውም ይህ ሰው የእኔን ሥራ የመሰለ ሥራ ከዚህ ቀደም ሠርቷል ወይ የሚለው ነው። ይህንንም ከማንም በፊት የጋይንት ሰው ሊያውቀው ይገባ ነበር፤ በቤተ ልሔም ድጓን ያስመሰከረ፣ በዙር አምባም ዝማሬ መዋሥእትን ያስመሰከረ መርጌታ በየሙያው ይከበራል እንጂ፣ በድጓ ምስክርነቱ የቅኔ ወንበር ይሰጠኝ ቢል የሚሰማው የለም።

«ሥራው ሳይሰጠኝ የሥራውን ፎቶግራፍ ከየት አመጣለሁ?» የሚለውን ጥያቄም አውቀዋለሁ። መልሱ፣ ማንም ሳያዝህ ራስህን አዝዘህ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ግርማ በርታ የአዲስ አበባን መንገደኞች በእጅ ስልኩ አንሥቶ፣ እያንዳንዱን ሰው በአንድ ወጥ ቀለም ላይ ለብቻው እያቆመ ሲሠራ የቀጠረው አልነበረም፤ ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በ2016 እ.ኤ.አ. የድጋፍ ሽልማት የሰጡት ግን በዚያው ሥራ ነው። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህም ቀለምን በድፍረት በሚያውል የራሷ አሠራር አስቀድማ ስለ ታወቀች፣ ዋተርኤይድ የተባለው ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ስለ ውኃ እጦት የሚናገሩ ምስሎችን ሲያሠራት በዚያው በለመደችው አሠራር በዳሎል ሠራች። ሁለቱም አንድ ነገር መርጠው በዚያ ጸንተዋል።

ድንች ምን ፎቶ አለው ለሚለው ደግሞ አንድ ማከማቻ ገብቶ ማየት ይበቃል። በባሕር ዛፍ ርብራብ ግድግዳ የሚገባው ፀሐይ ድንቹን በጥቁርና በነጭ ሸንተረር ስለሚከፋፍለው፣ ደመና እስኪመጣ መታገሥ ወይም ከውጭ ነጭ ነጠላ ጋርዶ ብርሃኑን ማለስለስ ያሻል። በቆጡ ላይ የተዘረጋው ድንች ያወጣው ጎንቁል ብርሃን ስላገኘ አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ነው፤ በጨለማ የቆየው ግን ነጭና ሰላላ ይሆናል። እንግዲህ የካሜራው ቀለም ተዛብቶ አረንጓዴው ቢጫ ከሆነ፣ የግብርናው ባለሙያ ፎቶግራፉን በአንድ እይታ ይጥለዋል። ይህ ሁሉ ከሠርግ የማያንስ ጥበብ ይጠይቃል፤ በአልበም ውስጥም የሚያሳየው ሰው ጥቂት በመሆኑ ዋጋው ከፍ ይላል።

ስለዚህ ባለስቱዲዮዎች ሆይ፣ የወፍጮ ቤትም ይሁን የማር ኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ ሥራ ምረጡ፤ ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ ቦታውን፣ እጁን፣ መሣሪያውን፣ ሰውየውንና ምርቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንሡ። ከዚያም ከ20 የማይበልጡ ምስሎች ለይታችሁ፣ ቦታና ቀን ከሥራቸው ጽፋችሁ፣ ንግድ ፈቃዳችሁንና የቲን ቁጥራችሁን አያይዛችሁ ለዚያ ሥራ ሰጪ ብቻ አቅርቡ። ለሚቀጥለው ሥራ ሰጪ ሌላ አዘጋጁ።