80 ደቂቃ ለአራት ጋርዶች፦ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን የቅያሬ ሥርዓት

መግቢያ

ብዙ ጥሩ ተጫዋቾች ያሉት የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ እንደ ዕድለኛ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ የተጫዋቾች ብዛት የጨዋታውን ሰዓት አያረዝመውም። በአሜሪካ የወንዶች የኮሌጅ ውድድር አንድ ጨዋታ እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ የሚፈጁ ሁለት አጋማሾች አሉት። በአንድ ጊዜ አምስት ተጫዋቾች ሜዳ ላይ ስለሚገኙ፣ አሠልጣኙ የሚያከፋፍለው ጠቅላላ የመጫወቻ ጊዜ 200 ደቂቃ ነው። ከዚህ ውስጥ ኳስ የማደራጀትና ከርቀት የማስቆጠር ኃላፊነት የተጣለባቸው የሁለቱ ጋርዶች ቦታ ድርሻ 80 ደቂቃ ይሆናል። ጋርዶቹ አራት ሲሆኑ ለአንዱ የሚጨመረው ደቂቃ ሁሉ ከሌላው የሚቀነስ ነው።

ይህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2014–15 የውድድር ዓመት የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ይህን ችግር እንዴት እንደያዘው ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ጥሩ የቅያሬ ሥርዓት ደቂቃን በእኩል በማካፈል ብቻ አይለካም፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወትና ጨዋታውን ማን እንደሚፈጽም አስቀድሞ ማሳወቅም አለበት።

ከደቂቃ በላይ የሆነው ችግር

የጋርዶች ቅያሬ ከሌሎች ቦታዎች ቅያሬ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ጋርዶች የቡድኑን ማጥቃት የሚጀምሩት በጥንድ ተናበው ነው፤ አንዱ ኳስ ሲነዳ ሌላው የት እንደሚቆም፣ አንዱ ሲታፈን ሌላው ከየት በኩል እንደሚደርስለት በልምምድ ብዛት የሚዳብር መግባባት ነው። ሁለት ጋርዶች አንድ ጥንድ ብቻ ይሆናሉ። ሦስት ጋርዶች ሦስት ጥንድ፣ አራት ጋርዶች ስድስት ጥንድ፣ አምስት ጋርዶች ደግሞ አሥር ጥንድ ይወጣቸዋል። ስለሆነም ተጫዋች በተጨመረ ቁጥር መለማመድ ያለበት የጥንድ ብዛት ከተጫዋቹ ብዛት ይበልጥ በፍጥነት ያድጋል፤ የልምምዱ ሰዓት ግን ባለበት ይቆያል።

ሁለተኛው ችግር የተጫዋቹ ሥነ ልቦና ነው። አንድ ስህተት ከሠራ እንደሚቀየር የሚያስብ ጋርድ አስተማማኙን ቅብብል እንጂ ትክክለኛውን አይመርጥም። የሚወጣበትን ጊዜ አስቀድሞ የሚያውቅ ግን መውጣቱን እንደ ቅጣት አይቆጥረውም።

የሁለት ቡድን ሥርዓት

አሠልጣኝ ጆን ካሊፓሪ በነሐሴ 2014 በባሃማስ በተደረጉ ጨዋታዎች የሞከሩት መፍትሔ “ፕላቱን” የተሰኘው፣ ስሙ ከውትድርና ቋንቋ የተወሰደ ሥርዓት ነበር። በዚህ ሥርዓት አምስት ተጫዋቾች በአንድነት ይወጣሉ፤ ሌሎች አምስት በአንድነት ይገባሉ። በመጀመሪያው ምድብ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቹ መንትያ ወንድማማቾች አንድሩ ሃሪሰንና አሮን ሃሪሰን፣ በሁለተኛው ምድብ ደግሞ አዲስ ገቢዎቹ ታይለር ዩሊስና ዴቪን ቡከር ተመደቡ።

የዚህ አደረጃጀት ጥበብ ከስድስቱ ጥንዶች ሁለቱን ብቻ መርጦ በእነርሱ ላይ ማተኮሩ ነው። ጥንዶቹም በባሕርይ የተለያዩ ነበሩ። መንትዮቹ ቁመታቸው ሁለት ሜትር ገደማ የሚደርስ፣ በአካል ግፊት የሚያጠቁ ነበሩ። ዩሊስ 1.75 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ፈጣን አደራጅ፣ ቡከር ደግሞ ከርቀት አስቆጣሪ ነበር። አንዱን ጥንድ መከላከል የለመደ ተጋጣሚ ወዲያው ፍጹም የተለየ ጥንድ ይገጥመዋል።

ጥቅሙ በመከላከልም ይታያል። አንድ ተጫዋች በአምስት ፋውል ከሜዳ ስለሚሰናበት፣ ሁለት ጋርዶች በመካከላቸው ያላቸው 10 ፋውል ሲሆን አራቱ ያላቸው 20 ነው። በአጭር ጊዜ እንደሚቀየር የሚያውቅ ተጫዋችም ጉልበቱን ሳይቆጥብ ተጋጣሚን ያስጨንቃል። ኬንታኪ በኅዳር 18 ቀን 2014 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ካንሳስን 72 ለ 40 አሸነፈ። በታኅሣሥ 20 ደግሞ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ.ን በመጀመሪያው አጋማሽ በሰባት ነጥብ ብቻ ገትቶ 83 ለ 44 ረታ።

ሥርዓቱ ሲላላ

በታኅሣሥ ወር አጋማሽ አካባቢ አሌክስ ፖይትረስ የጉልበት ጅማት ጉዳት ደርሶበት ከውድድሩ ወጣ። ፖይትረስ ጋርድ አልነበረም፤ ሆኖም አሥር ተጫዋቾችን በሁለት እኩል ምድብ ማቆም ስላልተቻለ ውጤቱ ጋርዶቹ ዘንድ ደረሰ። በውድድር ዓመቱ ማጠቃለያ አራቱ ጋርዶች እያንዳንዳቸው በጨዋታ በአማካይ ከ21 እስከ 26 ደቂቃ ያህል ተጫውተዋል። ድምሩ ከ80 ደቂቃ በግልጽ ይበልጣል፤ ይህም ሦስት ጋርዶች በአንድነት የተሰለፉበት ጊዜ ቀላል እንዳልነበረ ያሳያል። አሠልጣኙ 80ውን ደቂቃ በማብቃቃት ፈንታ ከክንፍ ተጫዋች ቦታ ደቂቃ ተበድረዋል ማለት ነው።

የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች

ጨዋታዎች በሰፊ ልዩነት ሲጠናቀቁ ማን እንደሚፈጽም የሚያስጨንቅ ጥያቄ አልነበረም። በመጋቢት 28 ቀን 2015 ኖትርዳምን 68 ለ 66 ያሸነፉት አንድሩ ሃሪሰን ስድስት ሴኮንድ ሲቀር ባስቆጠራቸው ሁለት ነጻ ውርወራዎች ነው። ከሳምንት በኋላ በግማሽ ፍጻሜው ከዊስኮንሲን ጋር ሲጋጠሙ ኬንታኪ 60 ለ 56 ይመራ ነበር። ከዚያ በኋላ ቡድኑ በወቅቱ 35 ሴኮንድ የነበረውን የማጥቂያ ጊዜ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሳይጠቀምበት አሳለፈ፤ 71 ለ 64 ተሸንፎም ዓመቱን በ38 ድልና በአንድ ሽንፈት ዘጋ።

ከአንድ ጨዋታ ተነሥቶ ሽንፈቱን በቅያሬ ሥርዓቱ ማሳበብ ተገቢ አይደለም። ሆኖም ኳሱ በእጅ እያለ ሰዓት ማለቁ ጋርዶችን በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይ ነው። ደቂቃን በፍትሐዊነት ያከፋፈለ ሥርዓት “አሁን ወሳኙን ውሳኔ የሚወስነው ማን ነው?” ለሚለው ጥያቄ የግድ መልስ ሰጥቷል ማለት እንዳልሆነ ያስገነዝባል።

ማጠቃለያ

የተጫዋቾቹ ቀጣይ ዕጣ ሌላ ትምህርት ይዟል። ዓመቱን ሙሉ አንድም ጨዋታ በቋሚነት ያልጀመረው ቡከር በ2015 የኤን.ቢ.ኤ. ምርጫ 13ኛ ሆኖ ሲመረጥ፣ የቡድኑ ከፍተኛ አስቆጣሪ የነበረው አሮን ሃሪሰን ግን ሳይመረጥ ቀረ። ዩሊስ በዩኒቨርሲቲው ቆይቶ በማግሥቱ ዓመት የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ደቂቃ መቀነስ የተጫዋችን ዋጋ መቀነስ እንዳልሆነ ለተጠባባቂው ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በዓለም አቀፉ ሕግ የሚጫወቱት የአገራችን የዩኒቨርሲቲ ቡድኖችም አራት ባለ 10 ደቂቃ ክፍሎችን ስለሚጫወቱ ድምሩ ያው 200 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ብዙ ጋርድ ያለው አሠልጣኝ ከውድድሩ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢወስንና ለተጫዋቾቹ ቢያሳውቅ ይጠቀማል፦ ልምምዱ የሚያተኩርባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ጥንዶች፣ አንድ ሰው ሲጎዳ ወይም በፋውል ሲወጣ የሚከተለውን አሰላለፍ፣ እንዲሁም በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ኳሱን የሚይዘውን ተጫዋች። ሦስተኛው በጨዋታው መሐል የሚወሰን ከሆነ ዘግይቷል።