ቀለሁ ይለቀማል፣ አረሩስ?

ከጎንደር ተነስቶ አዘዞን አልፎ ወደ ፀዳ የሚወርድ መንገደኛ ግራ ቀኙን የሚያየው ማሳ ነው። ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ደግሞ ቁልቋል በር አለ። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ ለመጨረሻ ጊዜ መሽጎ የተዋጋው በዚሁ አገር ነው፤ ቁልቋል በር ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በሚካኤል ዕለት ወደቀች፤ ጎንደር በስድስተኛው ቀን ተለቀቀች። ይህ መሬት ጥይት ጠጥቷል።

ጥይት ሲተኮስ ለሁለት ይለያል። ቀለሁ ተኳሹ አጠገብ ይወድቃል፣ አረሩ ይሄዳል። እኛ የምናውቀው ቀለሁን ነው። ነሐስ ስለሆነ ያብረቀርቃል፣ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ያቃጭላል፣ ልጅ እንኳ ሮጦ ያነሳዋል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጠመንጃ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ገበያ ላይ ይዞር ነበር። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ቀለህ አቅልጠው ዶቃና የአንገት ጌጥ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። የዚያው ውጅግራ አረር ግን 25 ግራም ያህል እርሳስ ነበር፤ እሱን ጎንበስ ብሎ የሚፈልግ ብዙም የለም።

እርሳሱን ለቃሚዎች የሚፈልጉት በአየር ላይ የተወረወረ የሸክላ ሳህን በሚመታባቸው የተኩስ ሜዳዎች ነው። በኦሊምፒክ ውድድር አንዱ ጥይት የሚይዘው 24 ግራም እርሳስ ነው፤ የጎመን ዘር የሚያህሉ ወደ 300 የሚጠጉ ፍሬዎች። ሺህ ጊዜ ከተተኮሰ 24 ኪሎ እርሳስ ሣሩ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። አብዛኛው ከተኳሹ ከ100 እስከ 200 ሜትር ርቀት ላይ ይዘራል፤ ካልታረሰ ደግሞ ከላይኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር አፈር ብዙም አይወርድም። ለቃሚዎቹ ያንን ስስ አፈር ይገፉና በወንፊት ይነፉታል። የቀረውን ሥራ አውድማ ላይ የዋለ ገበሬ ሳይነገረው ያውቀዋል፦ ማዝራት ነው። ነፋሱ በሞተር የሚነፋ መሆኑ ብቻ ይለያል። እርሳስ ከውኃ ከ11 እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ የአፈር ጠጠር ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አፈሩና ገለባው ይበናል፣ እርሳሱ እንደ ደህና እህል ከሥር ይቀራል።

ያረጀ አረር እጅ ላይ ቢይዙት ለአካሉ የማይመጥን ክብደት አለው። በጥፍር ሲጫር ውስጡ እንደ ብር ያበራል፤ ላዩን ግን ነጭ ዱቄት መሰል ቅርፊት ሸፍኖታል። ጉዳቱ ያለው እዚህ ቅርፊት ላይ ነው። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ቅርፊቱ ይሟሟና ከውኃ ጋር ይወርዳል። ወፎች ፍሬውን ጠጠር መስሏቸው ይውጡትና ሆዳቸው ውስጥ ይፈጩታል። የአውሮፓ ኅብረት በረግረጋማ ስፍራዎች በእርሳስ ፍሬ መተኮስን ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። የጣና ዳር ወፎችን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም።

እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የከሰል ምድጃና አንድ ቆርቆሮ ጣሳ ይበቃዋል። እንደኔ ከሆነ ትልቁ አደጋ ይህ ቅለቱ ነው። ነሐስ ማቅለጥ ወናፍና ባለሙያ ይጠይቃል፣ እርሳስ ግን ቡና በሚፈላበት እሳት ላይ ይቀልጣል። እርጥብ ከተጨመረበት ይፈነዳል፤ ዱቄቱና ጭሱ ቤት ውስጥ ከቀረ ደግሞ ቀድሞ የሚጎዳው ሕፃኑን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም ይላል። ማቅለጡ አየር በሚገባበት፣ ልጅ በማይደርስበት የሥራ ቦታ ይሁን።

የሸክላ ሜዳው ፍሬ ግን መቅለጥም አያስፈልገውም። ታጥቦ ይደርቃል፣ የተጨፈለቀው ተለይቶ ይወጣል፣ ድቡልቡሉ በሚሽከረከር በርሜል ይታሻል። በመጨረሻ እንዲንሸራተትና እንዳይጣበቅ ግራፋይት ይቀባል። ግራፋይት ማለት ተማሪ ቤት የጻፍንበት፣ እርሳስ የምንለው እንጨት ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ነው። እዚያ ውስጥ እርሳስ ኖሮ አያውቅም፤ ሁለቱ የሚገናኙት እዚህ በርሜል ውስጥ ነው። ከዚያ ፍሬው በከረጢት ይሸጥና 24 ግራም፣ 24 ግራም እየተመዘነ እንደገና ቀለህ ውስጥ ይገባል።