ከቱቲ ድልድይ እስከ ሞግረን፦ ከልጆች ጋር የሚኬድ የካርቱም የእግር መንገድ

በዚህ ዕትማችን ስለ ራሽንም ሆነ ስለ መታወቂያ እድሳት አናወራም። የምናወራው ስለ አንድ የእግር መንገድ ነው። መንገዱ ያለው ካርቱም ውስጥ ነው። ከናይል ጎዳና ተነስቶ፣ የቱቲን ድልድይ ተሻግሮ፣ ደሴቲቱን አቋርጦ፣ ጥቁር አባይና ነጭ አባይ ሲገናኙ ወደሚታይበት ዳርቻ ያደርሳል። ካርቱም የኖርን ብዙዎቻችን በዓርብ ቀን፣ ሥራ በማይኖርበት ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቻችንን ይዘን የምንሄድበት መንገድ ነበር። አቀበት የለውም፣ የመግቢያ ክፍያ የለውም፣ አራት ዓመት የሞላው ልጅ በእግሩ ይችለዋል።

ታዲያ ዛሬ ካምፕ ውስጥ ተቀምጠን ይህን ለምን እንጽፋለን? ባለፈው ሰሞን ከመካከላችን የአንዷን እናት ልጅ፣ ጓደኞቹ «የት ነው የተወለድከው?» ብለው ጠየቁት። «ካርቱም» አለ። «ካርቱም ምን አለ?» ሲሉት «ተኩስ» ብሎ ዝም አለ። ልጁ ከካርቱም የወጣው ገና በአራት ዓመቱ ነው። እናቱ ይህን ስትነግረን ሁላችንም ደነገጥን። እውነትም ብዙ ልጆቻችን ከዚያች ከተማ የያዙት የመጨረሻዋን ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ካልነገርናቸው ማን ይነግራቸዋል? ስለዚህ መንገዱን እንደነበረ፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው እንጻፈው ተባባልን። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከመነሳታችን በፊት

የካርቱም ፀሐይ ቀልድ አያውቅም። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ በላይ ይወጣል። ስለዚህ ለልጆች የሚስማማው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው፤ የሚስማማው ሰዓት ደግሞ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ተነስቶ፣ በልጅ እግር እየተዝናኑ ሄዶ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ውሃው ዳር መድረስ ይቻል ነበር።

የምንይዘው ብዙ አልነበረም። የሚጠጣ ውሃ፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ ነጠላ ወይም ጨርቅ፣ በዳቦ የተጠቀለለ ፉል፣ ለሃፍላ የሚሆን ሳንቲም፤ በቃ። ሌላው ደግሞ መታወቂያ፣ በካርቱም አፍ «ቢጣቃ» ነው። አባት ቢጣቃውን ሳይዝ ልጆቹን ይዞ አይወጣም ነበር። ካሻ፣ ማለት አፈሳ፣ ቀን አይመርጥምና። ይህንንም ለልጆች መንገር ያስፈልጋል፤ መንገዱ ያማረ ነበር ማለት ኑሮው ቀላል ነበር ማለት አይደለም።

አንደኛ፦ ናይል ጎዳና

ጎዳናው በጥቁር አባይ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ውሃውን ተከትሎ ይሄዳል። ያረጁ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ይሰጡታል። በአንድ ወገን ወንዙ፣ በሌላው ወገን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የካርቱም ዩኒቨርሲቲና ቤተ መንግሥቱ ናቸው። ወደ ማታ ሲሆን ሻይ የሚሸጡት ሴቶች፣ «ሲት ሻይ» የሚባሉት፣ ከሰል አቀጣጥለው ትንንሽ ወንበሮቻቸውን ይደረድራሉ። ከነሱ መካከል ብዙዎቹ የኛው አገር ልጆችና ኤርትራውያን ነበሩ። ዝንጅብል ያለበት የጀበና ቡና ሽታ ከሩቅ ይጠራል። ለልጆች ደግሞ በዘይት የተጠበሰ፣ ስኳር የተነሰነሰበት ለጊማት አለ። አንድ ሰሃን ለአራት ልጅ ይበቃል፤ ካልተጣሉበት።

ጊዜ ያለው ቤተሰብ በሞግረን በኩል ወዳለው ብሔራዊ ሙዚየም ጎራ ይላል። ሙዚየሙ በ1971 የተከፈተ ነው። ግብፆች የአስዋንን ከፍተኛ ግድብ ሲሠሩ ውሃው ሊውጣቸው የነበሩ የድንጋይ ቤተ መቅደሶች ተፈትተው መጥተው ግቢው ውስጥ ተተክለዋል፤ የቡሄንና የሰምና ቤተ መቅደሶች ከነሱ ውስጥ ናቸው። ከፎቁ ላይ ደግሞ ፋረስ ከሚባል ቦታ የመጡ የጥንት ኑባ ክርስቲያኖች የግድግዳ ሥዕሎች ነበሩ። ከመካከላቸው ሠለስቱ ደቂቅ እሳት ውስጥ ሆነው መልአኩ ሲጠብቃቸው የሚያሳይ አለ። ልጆቻችን ሳይነገራቸው ያውቁት ነበር። «እማዬ፣ ይሄ የኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አይደለም እንዴ?» ይሉ ነበር።

ሁለተኛ፦ ድልድዩ

የቱቲ ድልድይ በ2009 ነው የተከፈተው። በወፍራም ሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ነው። ከዚያ በፊት የቱቲ ሰው ወደ ካርቱም የሚመጣው በጀልባ ነበር፤ የታመመ ሰው ሌሊት ሐኪም ቤት ለማድረስ ጀልባ መጠበቅ ነበረበት።

ልጆች ድልድዩ መሀል ሲደርሱ ይቆማሉ። ነፋስ አለ፣ ከታች ውሃው ይታያል። አንድ ነገር እንዳንረሳ፦ ድልድይ ላይ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነበር። ከኛ ውስጥ ያንን ሳያውቅ ስልኩን አውጥቶ ግማሽ ቀን የቆየ ሰው አለ። ስለዚህ ብዙዎቻችን ከዚያ ቀን የቀረን ፎቶ የለንም። ይህን የምንጽፍበት አንዱ ምክንያትም እሱ ነው።

ድልድዩ ላይ ቆሞ ለልጅ የሚነገረው ወሬ ከታች ስለሚያልፈው ውሃ ነው። ይህ አባይ ነው። ጎጃም ሰከላ ግሽ ዓባይ ከሚባለው ምንጭ የሚነሳው ውሃ ጣና ይገባል፤ ከጣና ባሕር ዳር ላይ ይወጣል፤ ጢስ ዓባይ ላይ ይወረወራል፤ በገደል ውስጥ ዞሮ ዞሮ ሱዳን ይገባል። በሮሰሪስና በሰናር ግድቦች አልፎ ካርቱም እስኪደርስ ከጣና ጀምሮ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። አሁን ደግሞ በ2025 መስከረም የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ድንበሩ አጠገብ ይዞት ነው የሚለቀው። የኛ አባቶች «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላሉ። ስደተኛ ይህን ተረት ሲሰማ ስለ ራሱ የተነገረ ይመስለዋል። ሆኖም አባይ ከካርቱም በኋላ ብቻውን አይሄድም። እሱን ለማየት ነው ወደ ፊት የምንሄደው።

ሦስተኛ፦ ቱቲ ደሴት

ድልድዩን እንደተሻገሩ የከተማው ጩኸት ይቀራል። ቱቲ ስምንት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የምትሆን ደሴት ናት። ማሃስ የሚባሉ የኑባ ሰዎች ካርቱም ከተማ ከመቆርቆሯ ከብዙ ዘመን በፊት ሰፍረውባታል። ካርቱም በ1821 የግብፅ ጦር ሰፈር ሆና ስትጀመር ቱቲ መንደር ነበረች። ጠባብ ጭቃማ መንገዶች፣ የጭቃ ግንብ፣ ከግንቡ ኋላ የሎሚና የማንጎ ዛፍ፣ ሰላጣና ጅርጅር የተዘራበት መደብ፣ በአህያ ጋሪ የሚጫን የከብት መኖ። የኛ ልጆች ጎመን ከመሬት እንደሚበቅል ያዩት እዚያ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሰዉ ሰላምተኛ ነው። ገበሬው ከእርሻው ቀና ብሎ «ኢትፈደሉ» ይላል፤ «ኑ፣ ግቡ» ማለቱ ነው። አንዴ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ጠይቀውን ሐበሾች መሆናችንን ሲሰሙ፣ እርሻቸው ላይ ያለውን ጥቁር ደለል በእጃቸው ዘግነው «ይሄ አፈር የናንተ ነው፤ እኛ ዘንድ በስደት ነው ያለው» ብለው ሳቁ። እኛም ሳቅን። ማታ ቤት ገብተን ግን ደጋግመን አነሳነው።

ቱቲ ውሃን ታውቃለች። በ1946፣ በ1988 እና በ2020 የመጡት ትልልቅ ጎርፎች አስጨንቀዋታል። የደሴቲቱ ሰዎች «ታያ» የሚሉት የቆየ ሥርዓት አላቸው። በክረምት ወጣቶች በተራ እየተመደቡ ወንዙን ሌት ተቀን ይጠብቃሉ። ውሃው ከፍ ሲል ጥሪ ይደረጋል፤ ትልቁም ትንሹም አሸዋ በጆንያ እየሞላ ዳርቻውን ይከድናል። በክረምት ጎርፍ መጠለያችንን ለሚያጥለቀልቀን ለኛ ትምህርት የሚሆን ነገር ነው። ልጆች ይህን ክፍል ይወዱታል፤ «እኔም ጠባቂ እሆናለሁ» የማይል የለም።

አራተኛ፦ ሞግረን

በእርሻው መካከል ወደ ምዕራብ ሲሄዱ መሬቱ ያልቃል። ከፊት ለፊት ኦምዱርማን፣ በግራ ካርቱምና የነጭ አባይ ድልድይ ይታያሉ። ሞግረን ማለት መገናኛ ማለት ነው። ከዩጋንዳ ቪክቶሪያ ሐይቅ ተነስቶ የደቡብ ሱዳንን ረግረግ አቋርጦ የመጣው ነጭ አባይ እዚህ ከጥቁር አባይ ጋር ይገናኛል።

ወዲያው ግን አይቀላቀሉም። ለተወሰነ ርቀት ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው መስመር ይታያል። ነጩ በጭቃው ምክንያት ግራጫ ነው። ጥቁሩ በበጋ ጠራ ይላል፤ በክረምት የኢትዮጵያን ደጋ አፈር ተሸክሞ ቡናማ ይሆናል። በነሐሴ ጉልበቱ ስለሚበረታ ነጩን ገፍቶ እንደ ግድብ ያቆመዋል። ዓረቦቹ ጥቁር አባይን «አዝረቅ» ይሉታል፤ በመጽሐፍ ዓረብኛ ሰማያዊ ማለት ነው፣ በሱዳን አነጋገር ግን ጥቁርም ይባልበታል። እንግዲህ ስሙም ከኛ ጋር ይገጥማል ማለት ነው።

እዚህ ነጠላው ይነጠፋል፣ ፉሉ ይበላል። አንድ ጥብቅ ትእዛዝ ብቻ ነው የነበረው፦ ልጅ ወደ ውሃው አይጠጋም። ዳርቻው ከሥር በውሃ ስለሚበላ ድንገት ይናዳል፤ ውስጡም አዙሪት አለው። ፀሐይዋ በኦምዱርማን በኩል ስትገባ ተነስተን በመጣንበት እንመለሳለን። ትንንሾቹ ድልድዩ ላይ እንቅልፍ ይዟቸው በጀርባ ይታዘላሉ።

ዛሬ መንገዱ እንዴት ነው?

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ተነሳ። ውጊያው የተጀመረው እኛ በምንራመድበት ከተማ መሀል ነው። ቱቲ ለረጅም ጊዜ ተከበበች፤ አብዛኛው ነዋሪዋ ተሰደደ። እነዚያ «ኢትፈደሉ» ይሉን የነበሩ ሰዎች እንደኛው ተፈናቃይ ሆኑ። ሙዚየሙ ተዘረፈ። የናይል ጎዳና ሕንፃዎች ተቃጠሉ። ጦሩ መጋቢት 21 ቀን 2025 ቤተ መንግሥቱን መልሶ ያዘ፤ በዚያው ሰሞን ቱቲንም ያዘ። ከዚያ ወዲህ ወደ ካርቱም መመለስ የጀመረ ብዙ ሰው አለ።

ከካምፓችንም ለመመለስ የሚያስቡ እንዳሉ እናውቃለን። ለነሱ አደራ የምንለው ይህን ነው፦ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ልጆች ይዛችሁ ወደዚያ መንገድ አትሂዱ። ውጊያ በነበረበት ቦታ ያልፈነዳ ጥይትና ፈንጂ ይቀራል። በዛፍ ሥር፣ በፍርስራሽ ውስጥ፣ በእርሻ ዳር ሊሆን ይችላል። መጽዳቱ በባለሙያ ያልተረጋገጠ ቦታ ላይ አይረገጥም። ልጆች የማያውቁትን ብረት እንዳይነኩ፣ ካዩ በመጡበት ዱካ ተመልሰው ለትልቅ ሰው እንዲናገሩ ከአሁኑ አስተምሯቸው።

እስከዚያው

መንገዱን መሄድ ባንችልም መናገር እንችላለን። ዓርብ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስቡና መሬት ላይ በእንጨት ሁለት መስመር አስምሩ፤ አንዱ ጥቁር አባይ፣ አንዱ ነጭ አባይ። በመካከል ቱቲን አድርጉ። ድልድዩ የቱ ጋ እንደሆነ፣ ለጊማት የት እንደሚሸጥ፣ የት ተቀምጣችሁ እንደበላችሁ ንገሯቸው። ካርቱምን ያላያችሁትም አትቅሩ። በ2020 ኅዳር ሐምዳዬት ላይ ተከዜን የተሻገራችሁ፣ ያ ውሃ አትባራ ወንዝ ውስጥ ገብቶ፣ ከካርቱም በስተሰሜን አትባራ ከተማ ላይ ከናይል ጋር ይገናኛል። መተማ በኩል የመጣችሁም የጓንግ ውሃ መድረሻው እዚያው ነው። ሁሉንም ወንዞች መሬቱ ላይ አስምሩላቸው። ልጁ የተሻገረው ውሃ ወዴት እንደሄደ ይወቅ።

የዚያችን እናት ልጅ ነገር ሳንጨርስ አንተው። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ አጠገባችን ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ስለ ለጊማቱ ስናወራ ድንገት «ስኳሩ አፍንጫዬ ላይ ነበር» አለ። እናቱ ቀና ብላ አየችው። እሷ ያንን አልነገረችውም ነበር።

ቸር እንሰንብት።